በብሩሽ መንከሪያው ውስጥ ያንጠባጠብኩት ጸበል

እኔ ሰው ሲስቅብኝ ቶሎ የምቀየም ሴት አይደለሁም። ብሆን ኖሮ ይቺን ነገር እንኳን ልጽፋት ለራሴም አላስታውሳት። ጥርሴ ሰማያዊ ሆኖ፣ በአረብ ሴቶች መሃል «ደጋሚ» ተብዬ የቆምኩበትን አንድ ከሰዓት ነው የምተርክላችሁ። ሥዕል መሣል የጀመርኩትም በዚያው ከሰዓት ነው። ሁለቱ እንዴት እንደተገናኙ እስክነግራችሁ ትንሽ ታገሱኝ።

ስሜ አስናቀች ነው። ሳዑዲ፣ ደማም ውስጥ ግን አስናቀች የሚል ምላስ የለም። ገና በገባሁበት ቀን ማዳም ሪም ሁለቴ ሞከረችና «ኸላስ፣ በቃ፣ አስማ!» አለች፤ አስማ ሆኜ ቀረሁ። ቤታችን አል መዝሩዒያ ሰፈር ነው። ማዳሜ ክፉ ሴት አይደለችም። ትጮሃለች፤ ግን ጩኸቷን ሳትጨርስ ለምን እንደጮኸች ትረሳዋለች። የኔ ዋና ሥራ እናቷን፣ ማማ ሙኒራን፣ መንከባከብ ነበር። ማማ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው፣ እሳቸው መቁጠሪያ ሲቆጥሩ እኔ ደግሞ እሳቸውን ስቆጥር ነው የሚነጋው።

ያኔ ለእረፍት አገር ቤት ልሄድ ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። ታናሽ እህቴ እኔን ጥበቃ ሰርጓን ሁለቴ አራዝማለች። «አስኑዬ፣ አሁንም ብትቀሪ ሙሽራው ሌላ ያገባል፤ ጉዱን አንቺ ትሸከሚያለሽ!» ብላኛለች። ወጥቶ የመመለሻ ፈቃዱን፣ ኹሩጅ አውዳ የምንለውን፣ የሚያወጣው የማዳም ባል ነው። የማዳምን ባል የሚያዘው ደግሞ ማዳም ናት። እና ያን ሰሞን ማዳም «ውሃ» ሳትል ውሃ አቀርባለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ «ማማን አልብሻት» አለችኝ። «ኾባር ሥዕል ልትሥል ነው።»

«ማማ? ሥዕል?»

«እንደ ትምህርት ቤት ሥዕል አይደለም። አእምሮን የሚያሳርፍ ነው። ሐኪሙ ትረፍ አላለም?»

«ጉልበቴን እያመመኝ ሣይ ትለኛለች!» አሉ ማማ ሙኒራ፣ ወደ እኔ ዞረው። «ልጅ ስትማር እንዲህ ነው። አንቺም ልጅሽን ብዙ አታስተምሪ።»

ማዳም እየነዳች፣ ማማ እያጉረመረሙ፣ እኔ ከኋላ ትራሳቸውን ታቅፌ ጎረቤት ከተማ ኾባር ገባን። ቦታው ባሕሩ አጠገብ፣ ከሽቶ ሱቅ በላይ ያለ ሰፊ ክፍል ነው። ጥቂት ሴቶች ቀድመውናል። አንዷን አውቃታለሁ፤ የማዳም ጓደኛ ናት፣ ኡሙ ፋይሰል ይሏታል። ቤታችን ስትመጣ ቦርሳዋን ከጭኗ አታወርድም፤ እኔ ሻይ ሳቀርብ ደግሞ ሻዩን ሳይሆን እጄን ነው የምታየው። አስተማሪዋ ሊና የምትባል ሦርያዊት ናት። ወጣት ናት፣ በባዶ እግሯ ትራመዳለች፣ ድምጿ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ ያለ ነው።

ሊና መጋረጃውን ሳበች፣ ሻማ ለኮሰች፣ ከስልኳ ዝግ ያለ ከበሮ ከፈተች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ዛሬ እዚህ ማንም ሠዓሊ አይደለም። ምን ልሣል ብላችሁ አታስቡ። አማረ፣ አላማረ አትበሉ። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ትንፋሻችሁን አዳምጡ። እጃችሁን ልቀቁት፤ የት እንደሚሄድ እሱ ያውቃል። የሚመጣውን ተቀበሉ።»

የሚመጣውን! እናንተዬ፣ ማን ነው የሚመጣው?

እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ሰፈራችን ውስጥ እማማ ጥሩዬ የሚባሉ ዛር ያለባቸው ሴትዮ ነበሩ። ከበሮ ሲመታ፣ ዓይናቸው ተጨፍኖ እጃቸው ራሱን ችሎ ሲሄድ በልጅነቴ በአጥር ቀዳዳ አይቻለሁ። እናቴ በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር «አማትቢ!» ትለኝ ነበር። ታዲያ ይሄኛው ምኑ ይለያል? ጨለም አድርጎ፣ ሻማ አብርቶ፣ ከበሮ አስመትቶ፣ የሚመጣውን ተቀበሉ ማለት? ቀለም ተጨመረበት እንጂ ያው ነው አልኩ በሆዴ። ቀለሙም ቢሆን ቀዩ ይበዛል፤ ዛር ደግሞ ቀይ ይወዳል ሲባል ነው የሰማሁት።

ማማ ሙኒራን አየኋቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ በሌላው ያያሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንጀቴን በሉኝ። እኚህ አሮጊት እንዲያው እንቅልፍ የላቸው፣ እዚህ የማይታወቅ ነገር ለክፏቸው ቢገቡ ማን ነው አብሯቸው የሚያድረው? እኔው!

የኔ ሥራ የብሩሽ መንከሪያ ብርጭቆዎቹን ውሃ መቀየር ነበር። «አስማ ሐቢብቲ፣ ሲደፈርስ ለውጪልን» ብላኛለች ሊና። በትሪ ሰብስቤ ጥግ ወዳለው መታጠቢያ ወሰድኳቸው። እዚያ ስቆም ሐሳቡ መጣልኝ። አንዲት ያገሬ ልጅ ከአገር ስትመለስ ያመጣችልኝ የኪዳነ ምሕረት ጸበል አለችኝ። በትንሽ የሽቶ ብልቃጥ አድርጌ ከጡት መያዣዬ አልለያትም። ጸበል ማንን ይጎዳል? ማንንም። የመጣው ነገር ካለ ይመለሳል፤ ካልመጣም ብሩሹ ተባርኮ ይቀራል። ብልቃጧን አወጣሁና «በስመ አብ ወወልድ» እያልኩ በየብርጭቆው ጠብ ጠብ ማድረግ ጀመርኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ዞር ስል ኡሙ ፋይሰል! ከሽንት ቤት እየወጣች ነው። እኔ ምን ላይ ነኝ? ከደረቴ ብልቃጥ አውጥቼ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ የሰው ውሃ ውስጥ እያንጠባጠብኩ። ራሴን በሷ ዓይን አየሁት።

«ሲሕር!» ብላ ጮኸች። «ሪም! ነይ እዪ ሠራተኛሽን! ወላሂ በዓይኔ ነው ያየኋት! ሲሕር!»

ሲሕር ማለት ድግምት ነው። አረብ ቤት የሠራችሁ እህቶቼ ታውቁታላችሁ። ሌባ ብትባሉ ይሻላል፣ ሰነፍ ብትባሉ ይሻላል። ሲሕር የተባለች ሠራተኛ ላስረዳ ብትልም የሚሰማት የለም። በዚያች ቅጽበት የእህቴ ሰርግ፣ ድንኳኑ፣ የሚጠብቁኝ ሰዎች ሁሉ ከዓይኔ ላይ ብን ብለው ጠፉ።

ከበሮው ቆመ። ማዳም ሪም ቢጫ የነካው እጇን እንደያዘች መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አስማ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

የተማርኩት አረብኛ በሙሉ ጥሎኝ ሄደ። «ውሃ» አልኩ። «ውሃ ነው ማዳም። ውሃ ብቻ።»

«ውሃ ከሆነ ለምን ታናግሪዋለሽ?» አለች ኡሙ ፋይሰል። ስልኳን አውጥታለች። «ፖሊስ ነው የምጠራው። ማፊ! ጨዋታ የለም!»

ምን ላድርግ? መርዝም ድግምትም አለመሆኑን በምን ቋንቋ ላስረዳ? አንዱን ብርጭቆ አነሳሁና ሁሉም እያዩኝ ግጥም አድርጌ ጠጣሁት። እስከ ጭላጩ። ከዚያ እንደ ጀግና አፌን ከፍቼ አሳየሁ።

«ወይኔ! እሱ እኮ ገና ያልተለወጠው ነው!» አለች ሊና። «ቀለም ያለበት ነው!»

ለካ ሰማያዊ ብሩሽ ሲታጠብበት የቆየውን ነው የጠጣሁት። ምላሴ ሰማያዊ፣ ጥርሴ ሰማያዊ፣ በአገጬ ላይ የሚወርደው ሰማያዊ። ከዚያ ከወንበሩ ላይ አንድ ድምፅ መጣ። ማማ ሙኒራ ናቸው። እየሳቁ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ ሰምቻቸው ስለማላውቅ መጀመሪያ ትን ያላቸው ነው የመሰለኝ።

«ማማ፣ ይሄ አያስቅም!» አለች ማዳም።

ማማ ሙኒራ ቦርሳቸውን ከፈቱና አንዲት ትንሽ የዘምዘም ጠርሙስ አውጥተው ከፍ አደረጓት። ባዶ ናት።

«ሁላችሁም ዓይናችሁን ስትጨፍኑ፣ ባጠገቤ ባሉት ብርጭቆዎች ሁሉ ጨምሬያለሁ» አሉ።

«ማማ! ለምን?»

«ይቺ ልጅ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የሚመጣውን ተቀበሉ ስትል ዝም ልበል? እኔ በቤቴም የማላውቀውን እንግዳ አልቀበልም!»

«እኔም እሱን ፈርቼ ነው!» አልኩ። አረብኛዬ ባንድ ጊዜ ተመለሰ። «ማማ፣ እኔም የሚመጣውን ፈርቼ ነው! ለእርስዎ ሰግቼ! አገሬ ያለ ውሃ ነው፣ ጸሎት የተደረገበት። እናንተ ዘምዘም አላችሁ አይደል? እኛም ያችን የመሰለች አለችን።»

«አንቺም?»

«እኔም ማማ!»

አሮጊቷ እንደገና ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ፣ ጎናቸውን እስኪይዙ። ሊና ፊቷ ቀልቶ «የሚመጣው ስል እኮ ሐሳብ ማለቴ ነው! ስሜት!» ትላለች።

«ታዲያ እንደሱ አትይም ነበር?» አልኳት። ወላሂ፣ አፌ ላይ ቀለም ባይኖር ኖሮ እንደዚያ አልደፍርም።

ኡሙ ፋይሰል ግን ስልኳን አልመለሰችም። «የእርስዎ ሌላ፣ የእሷ ሌላ» አለች።

«የሷም የኔም የፈራች ሴት ውሃ ነው» አሉ ማማ። «እንግዲህ ክሰሻት፤ እኔንም ክሰሺኝ። ፖሊሱ ይምጣ። ግን ከፊት ወንበር ነው የምቀመጠው፣ ጉልበቴ አይታጠፍም።»

አሁን ሁሉም ሳቁ። ኡሙ ፋይሰል አልሳቀችም፤ ግን ተቀመጠች። ማማ ሙኒራ አጠገባቸው ያለውን ወንበር መታ መታ አድርገው «አስማ፣ ታዓሊ፣ ነዪ። አንቺም ቁጭ በይ፤ ለኔ የፈራሽልኝን አብረን እንየው» አሉኝ። ማዳምን አየኋት። ትከሻዋን ነቀነቀች፤ በሷ ቋንቋ ይሄ «እሺ» ነው።

ሊና ወረቀት ዘረጋችልኝ። ብሩሹን ያዝኩ። እጄ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ወለወለ! ወለል ሲወለወል ከውስጥ ጥግ ተጀምሮ ወደ በሩ ነው የሚወጣው። እኔም አረንጓዴውን ከላይ ጥግ ጀምሬ፣ ጠርዝ ለጠርዝ፣ አንድ ነጭ ቦታ ሳላስቀር እየወለወልኩ ወደ ራሴ መጣሁ።

«ማን ይመጣል ብለሽ ነው የምትጣደፊው?» አለችኝ ሊና በጆሮዬ።

«ማንም።»

«እንግዲያው ቀስ በይ። ተንፍሺ። ስትጨርሺ ንጹሕ ነው አይደለም ብሎ የሚያይ የለም።»

የሚያይ የለም። ይቺ ነገር ገባችኝ። ብሩሹን ቀይ ውስጥ ነከርኩና አረንጓዴው ላይ አንጠባጠብኩ። መጀመሪያ እጄ ጨርቅ ፍለጋ ሄደ፤ መለስኩት። ደግሜ አንጠባጠብኩ፣ አሁን ሆን ብዬ። ስንት ዓመት የሰው ጠብታ ስጠርግ ኖሬ የራሴን ጠብታ ቁጭ ብዬ አየሁት። ቢጫ ጨመርኩ። ብሩሹን ትቼ በመዳፌ ገባሁበት። ቀለሙ ይቀዘቅዛል፣ ደስ ይላል። ትንፋሼ ዝግ አለ፤ የሰርጉ ነገር፣ የፖሊሱ ነገር፣ የነገ ምሳ ነገር ሁሉ ራቀኝ። ለስንት ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። «አስማ!» የሚል ድምፅ እንዳልሰማሁ የገባኝ ቆይቶ ነው። ደስ አለኝ። እንባዬም መጣ፤ ቀለም ባለበት እጄ ጠረግሁትና ፊቴን ጨርሼ አበላሸሁት።

በመጨረሻ ሊና አንድ በአንድ «ምን መጣላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ማማ ሙኒራ ጋ ስትደርስ መልስ የለም። ወረቀታቸው ላይ ሦስት ነጠብጣብ ብቻ አለ፤ እሳቸው ብሩሹን እንደያዙ ያንኮራፋሉ። ማዳም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ከሁላችንም የገባቸው እሳቸው ናቸው» አለች ሊና በሹክሹክታ።

እኔ ጋ ደረሰች። «ምንድን ነው የሣልሽው?»

«እኔ እንጃ» አልኩ። አረብ ቤት እኔ እንጃ የሚባል መልስ የለም። ቻርጀሩ የት ገባ፣ የልጁ ሌላኛው ካልሲ የት ሄደ፣ ማወቅ አለብሽ። እዚያ ግን «እኔ እንጃ» ስል ሊና አጨበጨበችልኝ።

ኡሙ ፋይሰል የመጨረሻዋ ነበረች። ወረቀቷ ከዳር እዳር ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። መሃሉ ላይ ደጋግማ ከመቀባቷ ብዛት ተቀዷል።

«በቢጫ ነበር የጀመርኩት» አለች። «ከዚያ እጄ ዘይነብ ጋ ወሰደኝ።»

እሷው ቀጠለች።

«ቤቴ የነበረች ሠራተኛ ናት። ከዚህችው ከአስማ አገር። ትራስ ውስጥ በክር የታሰረ ፀጉር አገኘሁና ሲሕር ነው አልኩ። ማለች። እግሬ ላይ ወደቀች። ልብሷን እንኳ አላስያዝኳትም፤ በዚያው ሳምንት ወደ አገሯ ሰደድናት። ከወራት በኋላ ልጄ ለአሻንጉሊቷ ትራስ ስትሠራ ደረስኩባት። የራሷን ፀጉር ቆርጣ፣ በክር እያሰረች ትከትበታለች። ለማንም አልተናገርኩም። ለባሌም።»

የማማ ሙኒራ ማንኮራፋት ብቻ ነበር የሚሰማው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አዘንኩላትም፣ ተናደድኩባትም፣ ሁለቱም ባንድ ላይ። ከአንድ ሰዓት በፊት እኔም ዘይነብ ነበርኩ። ለዘይነብ ግን ቦርሳዋን የምትከፍትላት አሮጊት አልነበረችም።

መኪናው ጋ ስንደርስ ኡሙ ፋይሰል ተከትላኝ መጣች። ቦርሳዋን አልያዘችም። እጇ እስከ ክርኗ ቡናማ ነው።

«ለእረፍት ትሄዳለች አለችኝ ሪም። ዘይነብን ፈልጊልኝ። ሳሚሒኒ ብላሻለች፣ ይቅር በይኝ ብላሻለች በያት።»

«የት አገር ናት ማዳም?»

«ወሎ ብላኛለች።»

ሳቄ አመለጠኝ። «ማዳም፣ ወሎ ገበያ መሃል ቆሞ ዘይነብ ብሎ የተጣራ ሰው ግማሹን ገበያ ነው የሚያዞረው!»

«እንግዲያው ለሁሉም ንገሪያቸው» አለች። አልሳቀችም።

ወደ ደማም ስንመለስ ማዳም ዝም፣ እኔ ዝም፣ ማማ እንቅልፍ። ማዳም ዝም ስትል ነው የምፈራው። ቀይ መብራት ላይ ለባሏ ደወለች። «የአስማ ኹሩጅ አውዳ…» አለችና ትንሽ ቆመች። ትራሱን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። «ዛሬውኑ ጨርስላት። አዎ፣ ዛሬ። እህቷ ስትጠብቅ ከረመች።» ስልኩን ዘግታ በመስታወቱ አየችኝ። «ከሰርጉ በፊት ግን ጥርስሽን ታጠቢ።»

ይሄው ሄጄ፣ እህቴን ድሬ፣ ተመልሼ ደማም ነኝ። አሁን አርብ ከሰዓት ቤቱ ጸጥ ሲል ማማና እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ካርቶን ዘርግተን እንቀባለን። እሳቸው አራተኛው ነጠብጣብ ላይ ሳይደርሱ ይተኛሉ። እናንተም ሞክሩት፤ ቀለም ከሌለ እርድ በውሃ በጥብጡ። ለማንም አታሳዩ። እጃችሁ መጀመሪያ የለመደውን ነው የሚሠራው፤ ታገሱት፣ ቆይቶ የራሱን ያመጣል። የሚመጣው ሁሉ ግን ደስ የሚል እንዳይመስላችሁ፤ ቢጫ ጀምራችሁ ቡናማ ላይ ልትገኙ ትችላላችሁ። እኔ ለውጦኛል። ስፈራ በድብቅ ብልቃጥ አላወጣም፤ «ማዳም፣ ፈርቻለሁ» እላለሁ። መጀመሪያ ትጮሃለች፣ ከዚያ ትሰማለች።

መልእክቱን ግን አደረስኩ። ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ተነስቼ «ዘይነብ የምትባል አለች?» አልኩ። ሦስት ራስ ዞረ! አንዷ ከሪያድ፣ አንዷ ከሐፈር አል ባጢን፣ ሦስተኛዋ ከሰይሃት። ኾባር የሠራች የለችም። ለሁሉም ንገሪያቸው ተብያለሁና ታሪኩን ነገርኳቸው። ሁለቱ ሳቁ፣ ኡሙ ፋይሰልንም ትንሽ ረገሟት። የሰይሃቷ ዘይነብ ግን ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ቆየችና «የኔዋ ማዳምስ እንዲህ ብላ ይሆን?» አለችኝ። «እኔ እንጃ» አልኳት፤ በዚህኛው እኔ እንጃ ማንም አላጨበጨበልኝም።

ኾባር ሠርተሽ ልብስሽን ሳትይዢ የተመለስሽው ዘይነብ፣ ይሄን የምታነቢ ከሆነ፣ ወይም የምታውቅሽ ካለች ታንብብልሽ። ይቅር ማለት ያንቺ ፋንታ ነው፣ እኔ አላግባባሽም። ፀጉሩ ግን የማዳምሽ የልጇ ነበር። እሷም አውቃዋለች።